ጠይቁን፦ «ዋና አሰልጣኝ» ከተባሉ በኋላ

በዚህ ወር ስለ ቅርጫት ኳስ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ቡድን በቅርቡ ከተረከቡ አሰልጣኞች የመጡ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በሜሪላንድ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የወንዶች ቡድን ስድስት ዓመት ረዳት ነበርኩ። ዘንድሮ ዋና አሰልጣኝ ሆንኩ። ለመጀመሪያው ጨዋታ ስድስት ሳምንት ቀርቶናል። ማስተማር የምፈልገው አንድ ደብተር ሞልቷል፤ ሁለት ሰዓቱ ግን አይበቃኝም። ከየት ልጀምር?»

ደብተሩን ለሁለት በመክፈል ይጀምሩ፤ ግማሹ እስከ ገና ይቆይ። ምክንያቱ የሰዓት ሂሳብ ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ከፍተኛው ዲቪዚዮን አንድ ቡድን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ባሉት 42 ቀናት ውስጥ የሚፈቀድለት 30 ልምምድ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ቢይዙ 60 ሰዓት ይሆናል። ማሟሟቂያው፣ የውሃ እረፍቱና ከአንዱ መልመጃ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ሲቀነስ ለማስተማር የሚተርፍዎ 45 ሰዓት ገደማ ነው። የኮሌጅዎ ደንብ የተለየ ቢሆንም የሚተርፈው ሰዓት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ የማጥቂያ ስልት ልጆቹ ሳያስቡ እስኪሠሩት ድረስ ብቻውን አምስት ስድስት ሰዓት ይበላል ብለው ይያዙ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጨዋታ ያለ እሱ ሜዳ መግባት የማይቻለውን ብቻ ይምረጡ። አንድ ዓይነት የሰው በሰው መከላከል፣ ኳስ በያዘው ላይ ስክሪን (ጓደኛው ቆሞ የተከላካዩን መንገድ መዝጋቱ) ሲመጣ የምትከላከሉበት አንድ መንገድ፣ ሰው በሰውን የምታጠቁበት አንድ ስልት፣ ዞንን (ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠበቅበትን መከላከል) የምታጠቁበት አንድ ስልት፣ አንድ የፕሬስ (ገና ከኋላ ሜዳ ጀምሮ የሚደረግ ጫና) መስበሪያ፣ ከቅርጫቱ ሥር ካለው መስመር ኳስ የምታስገቡበት ሁለት መንገድ፣ ከጎን ደግሞ አንድ። ይህ ይበቃል። ረዳት ሳሉ ሥራዎ ሐሳብ ማምጣት ነበር፤ አሁን ግን ከሐሳቦቹ የትኛው እንደሚቀር የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ብዙ አዲስ ዋና አሰልጣኞች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኳስ ሲጠፋ ወደ ኋላ ሮጦ ለመመለስ፣ ለሰው በሰው መከላከልና ለማቀበል ብቻ ይስጡ። ለመመለሱ ቁርጥ ያለ ደንብ ያውጡ፦ የእኛ ኳስ ወደ ቅርጫቱ እንደተወረወረ ሁለቱ ጋርዶች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፣ ሦስቱ ለሪባውንድ (ስቶ የተመለሰውን ኳስ ለመያዝ) ይገባሉ። ከተመለሱት አንዱ ቅርጫቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ኳሱን ይዞ የሚመጣውን ያስቆማል። አዲስ ቡድን በውድድሩ መጀመሪያ ቀላል ነጥብ የሚገባበት በአብዛኛው ከዚህ ነው። ልጆቹ ስለሚዘገዩ አይደለም፤ ማን መመለስ እንዳለበት አስቀድሞ ስላልተነገራቸው ነው። ሦስተኛው ሳምንት ስክሪንን መከላከልንና የማጥቂያችሁን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ፣ አራተኛው ዞን ማጥቃትንና ኳስ ማስገባትን፣ አምስተኛው ፕሬስ መስበርንና የጨዋታ ማብቂያን ይይዛል። በስድስተኛው ሳምንት አዲስ ነገር አያስገቡ። ዳኛ ጠርተው፣ ሰሌዳ አስይዘው እርስ በርሳቸው ያጫውቷቸው።

የቀኑን 120 ደቂቃ እንዲህ ሊከፋፍሉት ይችላሉ፦ 10 ደቂቃ በኳስ ማሟሟቅ፤ 15 ደቂቃ ሁለት ሁለት እየሆኑ በጨዋታ ከሚወረውሩበት ቦታ መወርወር፤ 25 ደቂቃ መከላከል (አራት ለአራት የሚሠራው «ሼል» የተባለ የመከላከል መልመጃ፣ ቀጥሎ ወደ ወርዋሪው ሮጦ መድረስ)፤ 10 ደቂቃ ሦስት ለሁለትና ሁለት ለአንድ ፈጣን ማጥቃት፤ 25 ደቂቃ የማጥቂያ ስልት፣ መጀመሪያ ያለ ተከላካይ ከዚያ አምስት ለአምስት፤ 20 ደቂቃ ሰዓት ተይዞ ጨዋታ፤ 5 ደቂቃ ኳስ ማስገባት፤ 5 ደቂቃ ነፃ ውርወራ፤ የቀረው 5 ደቂቃ ሰውነት ለማቀዝቀዝና ለአንድ ማሳሰቢያ። ነፃ ውርወራውን ግን ባንድ ጊዜ አያስጨርሷቸው። በሩጫ መልመጃዎቹ መካከል ሁለት ሁለት እያደረጉ ይበትኑት። በጨዋታ ላይ ልጁ ቅርጫቱ ፊት የሚቆመው እያለከለከ ነው፤ የሚወረውረውም ብዙ ጊዜ ሁለት ነው።

በወረቀት ላይ ያማረውን ዕቅድ ሜዳ ላይ የሚያበላሸው የአሰልጣኙ ንግግር ነው። በ1974–75 የውድድር ዓመት ሁለት ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ያሠለጥን የነበረውን የጆን ውደንን ልምምድ ቁጭ ብለው መዝግበውት ነበር። ከ2,300 በላይ የማስተማር ድርጊቶቹን ሲቆጥሩ ግማሽ ያህሉ «እንዲህ አድርግ» የሚል አጭር መመሪያ ሆኖ አገኙት፤ ሙገሳውም ቁጣውም ጥቂት ነበር። ውደን በዚያው ዓመት አሥረኛውን የአገር ሻምፒዮናነት ወስዶ ጡረታ ወጣ። የየዕለቱን ልምምድ በደቂቃ ከፋፍሎ በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፍ እንደነበርም ይታወቃል።

ለአንድ ሳምንት ረዳትዎ ሰዓት መቁጠሪያ ይዞ እርስዎ የተናገሩበትን ደቂቃ ይመዝግብ። ከ120 ደቂቃው 25 እና 30 ደቂቃ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ነገር ግን ይቀንሱት። አንድ ማቆሚያ ከ20 ሰከንድ አይለፍ፣ በአንድ ማቆሚያም አንድ ስህተት ብቻ ይታረም። ከ20 ደቂቃው ጨዋታ ግማሹን ጨርሶ ባያቆሙት ደግሞ ጥሩ ነው። በየዙሩ ፊሽካ የሚነፋ አሰልጣኝ ልጆቹን በጨዋታ ቀን ወደ ወንበሩ እያዩ እንዲጫወቱ ያስለምዳቸዋል።

«በጅማ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተጫውቼ፣ ከዚያ ረዳት ሆኜ፣ አሁን በ26 ዓመቴ ዋና አሰልጣኝ ተደረግሁ። ትናንት 'አንተ' እያሉ አብረውኝ ሻይ የሚጠጡ ልጆች ዛሬ አርፍደው ሲመጡ መናገር አቃተኝ። ዋናው ተጫዋቻችን ደግሞ ልምምድ ይቀራል። ባሰልፈው ሌሎቹ ያኮርፋሉ፤ ባላሰልፈው እንሸነፋለን።»

«አንተ» መባሉን ይተዉት። ድምፅ በማወፈርና ፊት በማጥቆር «አንተ»ን «እርስዎ» ማድረግ አይቻልም፤ የሚሞክር አሰልጣኝም ይታወቅበታል። ሻዩንም ማቋረጥ አያስፈልግም። ማቋረጥ ያለብዎ በሻይ ላይ የሌላውን ተጫዋች ጉዳይ ማንሳትን ነው። ረዳት ሳሉ ቀላል ወሬ የነበረው አሁን ውሳኔ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እስከ ማታም ዶርሙን ሁሉ ያዳርሳል።

ደንብ ሦስት ብቻ ያውጡ። ልምምድ ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው ጫማ ታስሮ ሜዳ ላይ መገኘት። የሚቀር ሰው ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በፊት ለእርስዎ በራሱ መደወል፣ በጓደኛ መላክ የለም። ከክፍል የቀረ ተማሪ ከልምምድ እንደቀረ ይቆጠራል። ከዚያ የእያንዳንዱን ዋጋ አብረው ይጻፉ፣ ዋጋውም በጨዋታ ደቂቃ ይሁን፦ ያረፈደ የሚቀጥለውን ጨዋታ የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ያያል፤ ሳይናገር የቀረ ግማሽ ጨዋታ ይቀመጣል፤ የደገመ ጨዋታውን በሙሉ። በሩጫ መቅጣት ልጁን ያደክመዋል፣ የልምምድ ሰዓትዎን ይበላል፣ ከተጫዋቹ ልብ ግን አይደርስም። ተጫዋች የሚሳሳለት አንድ ነገር ደቂቃው ነው።

ዋናው ተጫዋች ላይ ደንቡን ከመጫንዎ በፊት ለብቻው ጠርተው ምክንያቱን ይጠይቁት። የላቦራቶሪ ሰዓት ከልምምዱ ጋር ተጋጭቶበት ከሆነ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው፤ የልምምዱን ሰዓት ያዛውሩ። ሌላ ሥራ ይዞ ከሆነም ማወቅ አለብዎ። ምክንያት ከሌለው ደንቡ ከመጪው ጨዋታ ጀምሮ በእሱም ላይ ይሠራል። «ይህ ጨዋታ ከባድ ነው፣ ከሚቀጥለው እጀምራለሁ» ያለ አሰልጣኝ ቀላል ጨዋታ ሳያገኝ ዓመቱ ያልቃል። አዎ፣ ያን ጨዋታ ልትሸነፉ ትችላላችሁ። ሌሎቹ 11 ልጆች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡ እውነት መሆኑን ያውቃሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጋር 15 ደቂቃ ለብቻ ይቀመጡ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከሁሉ የምትችለው ምንድን ነው? በዚህ ቡድን ውስጥ ሥራዬ ነው የምትለው የቱን ነው? ከሜዳ ውጪ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ? በመጨረሻ ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፤ «ስትገባ ሥራህ የእነሱን ረጅም ሰው ከሪባውንድ ማራቅ ነው፣ ክፍት ስትሆን ብቻ ትወረውራለህ» እንደሚባለው። ደቂቃ ግን በፍጹም ቃል አይግቡ። ምን ቢሠራ ደቂቃ እንደሚያገኝ ይንገሩት እንጂ።

ዕድሜዎ አያሳስብዎት። ፓት ሰሚት በ1974 የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ስትረከብ 22 ዓመቷ ነበር፤ ከተጫዋቾቿ አንዳንዶቹ እኩዮቿ ሊባሉ ይችላሉ። የመጀመሪያ ጨዋታዋን በሜርሰር 84 ለ83 ተሸነፈች። የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮናነት ያገኘችው በ1987 ነው። በ2012 ስታቆም 1,098 ድልና ስምንት ሻምፒዮናነት ነበራት።

«በአዲስ አበባ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። በዚህ ዓመት ሦስት ጨዋታ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች እየመራን ተሸነፍን። ታይም አውትም ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ደንቡን እናጥራ፤ በቴሌቪዥን የምናየው የአሜሪካ ኮሌጅ ጨዋታና እኛ የምንጫወትበት የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ እዚህ ላይ ይለያያሉ። በፊባ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት ታይም አውት አለዎ። ከሦስቱ ግን በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መጠቀም የሚቻለው ሁለቱን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ሰዓቱ 2፡00 ከማሳየቱ በፊት ይጠቀሙበት፤ አለዚያ ይቃጠላል። ሁለቱን ያስቀሩ። በአሜሪካ ኮሌጅ ሜዳ ላይ ያለች ተጫዋች ታይም አውት መጠየቅ ትችላለች፤ በፊባ ግን የሚጠይቀው ዋናው ወይም ረዳቱ አሰልጣኝ ነው፣ የሚጠየቀውም ከሰዓት ጠባቂዎቹ ጠረጴዛ ነው። ኳስ በሕይወት እያለ ከሜዳ ዳር ሆኖ መጮህ አይሠራም።

አንድ ትልቅ ጥቅም ብዙ አሰልጣኞች ይረሱታል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ኳሱን ከራሳችሁ ሜዳ የምታስገቡ ከሆነ፣ ታይም አውት ከጠየቁ በኋላ ኳሱ ከተጋጣሚ ሜዳ በኩል እንዲገባ መምረጥ ይችላሉ። ያኔ የ24 ሰከንዱ ሰዓት (አጥቂው ሳያልቅ መወርወር ያለበት ጊዜ) ወደ 14 ይወርዳል፤ ከ14 በታች ከሆነ ባለበት ይቀጥላል። እየተመራችሁ ሰባት ሰከንድ ከቀረ ወደፊት ማስገባት ግልጽ ነው። እየመራችሁ ሰዓት መግደል ከፈለጋችሁ ግን 24ቱን ይዞ ከኋላ መጀመር ይሻላል፤ ፕሬሱን መስበር ከቻላችሁ ነው ታዲያ።

እየመራ የሚሸነፍ ቡድን ችግሩ ብዙ ጊዜ ማጥቃት ማቆሙ ነው። ኳሱን መሐል ሜዳ ላይ እያነጠሩ የ24 ሰከንዱ ሰዓት ስምንት ሲል ይነሳሉ፣ ስክሪኑ ሲመጣ አምስት ይቀራል፣ ከዚያ ማንም ያልፈለገው ውርወራ ይወጣል። ኳሱን ያዝ ማድረግ ከፈለጉ ያዝ ያድርጉ፤ ስልቱ ግን ሰዓቱ 14 ሲል ይጀመር። አንድ ስልት ከከሸፈ ሁለተኛውን ለመሞከር ጊዜ የሚኖረው ያኔ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት የቡድን ፋውል ቁጥር ይታወቅ። በሩቡ ውስጥ ከአምስተኛው ፋውል ጀምሮ ተጋጣሚ ሁለት ነፃ ውርወራ ያገኛል። በአምስት ነጥብ እየተመራችሁ 40 ሰከንድ ሲቀር ሰዓት ለማስቆም ፋውል ብትሠሩና የእናንተ ቁጥር ገና ሁለት ከሆነ፣ እነሱን ወደ ነፃ ውርወራ ለመላክ ሦስት ፋውል ያስፈልጋል፤ በዚያ መሃል ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀር አንዲት ተቀያሪ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትንገርዎ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ኳስ ከሚያስገባው እጅ ሳይወጣ ፋውል ከሠራችሁ ተጋጣሚ አንድ ነፃ ውርወራና ኳሱን ጭምር ያገኛል። ጠብቁ፣ ኳሱ ይግባ፣ ከዚያ።

በሦስት ነጥብ እየመራችሁ ከስድስት ሰከንድ በታች ቀርቶ ኳሱ የእነሱ ከሆነ፣ የፋውል ቁጥራችሁም አራት ደርሶ ከሆነ፣ ፋውል ሠርቶ ሁለት ነፃ ውርወራ መስጠት የሦስት ነጥብ ሙከራን ያስቀራል። እኛ እንዲሠራ እንመክራለን፣ በሦስት ሁኔታ፦ ተጫዋቿ ጀርባዋን ለቅርጫቱ ሰጥታ ወይም እያነጠረች ሳለ እንጂ እጇ ሲነሳ አይደለም፤ ኳሱን ለመንካት በሚመስል እንቅስቃሴ ነው፣ ጎትቶ ወይም አቅፎ መያዝ ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ሊያስብል ይችላል፤ ሁለተኛው ውርወራ ሆን ተብሎ ሲሳት ደግሞ ተጫዋቾቻችሁ ሰው ዘግተው ቆመዋል። ሪባውንዱ ካልተለመደ ይህን ባይሞክሩት ይሻላል።

በሩቡ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ32 እስከ 35 ሰከንድ ሲቀር ጥሩ ውርወራ ካለ ይወሰድ። እነሱ 24 ሰከንዳቸውን ሁሉ ቢጠቀሙ እንኳ የመጨረሻው ኳስ ወደ እናንተ ይመለሳል።

ታይም አውቱ 60 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያውን 15 ሰከንድ ከረዳትዎ ጋር ይነጋገሩ፣ ልጆቹ ውሃ ይጠጡ። ቀጥሎ 30 ሰከንድ ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩ፦ አንድ ለማጥቃት፣ አንድ ለመከላከል። በቀረው ጊዜ ፖይንት ጋርዷ (ኳስ እያነጠረች ማጥቃቱን የምትመራው) መልሳ ትንገርዎ። መመለስ ካቃታት ገና አልገባቸውም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ካልተለማመዱት በጨዋታ ቀን አይወጣም። ሁኔታውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ «በ2 እየመራን፣ 40 ሰከንድ፣ የእኛ ፋውል 4፣ ኳሱ የእነሱ።» ያጫውቷቸው። ከዚያ ጎኑን ቀይረው ይድገሙት።

«ሚኒሶታ ነው ያለሁት። 2-3 ዞን (ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ሆነው የሚከላከሉበት) ያጋጠመን ቀን ቡድናችን ይደነዝዛል፤ ዙሪያውን እየተቀባበልን በሦስት ነጥብ ሙከራ እንጨርሳለን።»

ኳሱን መሐል ያስገቡት። ከቡድኑ ጥሩ የሚያቀብለውን፣ ረጅሙን ሳይሆን ጥሩ የሚያቀብለውን፣ ነፃ ውርወራ መስመሩ አጠገብ ያቁሙት። ሌላ ሰው ከቅርጫቱ ጀርባ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ይንቀሳቀስ፤ የዞኑ ኋለኞች ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማየት አይችሉም። መሐለኛው ኳስ ሲደርሰው ዞሮ ቅርጫቱን ይይ፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀበል ከሆነ ዞኑ ምንም አልተረበሸም። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገር ረጅም ፓስም ይለማመዱ። ለሁለት ሳምንት በልምምድ አንድ ደንብ ይጣሉ፦ ኳሱ የሦስት ሰከንዱን ክልል (ከቅርጫቱ ፊት የተሠመረውን) ሳይነካ ሦስት ነጥብ መሞከር አይቻልም።

«በቨርጂኒያ ኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ከተጫዋቾቻችን ሁለቱ ዐቢይ ጾምን፣ አንዱ ረመዳንን ይጾማሉ። ጾሙ ከውድድሩ ማብቂያ ጋር ገጥሞብናል። ዋናው አሰልጣኝ እንዴት እንደምንይዛቸው አንድ ነገር አዘጋጅ አለኝ።»

ለእነሱ አይወስኑ፤ ጾሙ ከመግባቱ ወር ቀደም ብለው እያንዳንዱን እንዴት እንደሚጾም ይጠይቁት። ሁለቱ የዐቢይ ጾም ጿሚዎች እንኳ አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ ይሆናል፣ ሌላው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ብቻ ይተው ይሆናል። የቡድኑ ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያም ከመጀመሪያው ይግቡበት።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆየው ልምምዱን ወደ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ማዛወር ትልቁን ችግር ያቃልላል፤ በልቶ ሁለት ሰዓት ከምናምን አርፏል ማለት ነው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ፕሮቲኑን ይይዛሉ፤ ከጨዋታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ግን ሆድ ስለሚነፉ ወደ ሩዝ፣ ድንችና ሙዝ ቢዞር ይሻላል። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ስለ አይረንና ስለ ቢ12 ባለሙያውን ያማክሩ። ረመዳን ለሚጾመው ቀን ቀን ቪዲዮ ማየትና ቆሞ መወርወር፣ ከባዱ ሩጫ ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን፦ ፀሐይ ስትገባ ቴምር፣ ውሃና ሾርባ፣ ከአንድ ሰዓት ወይም ከሰዓት ተኩል በኋላ ልምምድ፣ ዋናው ምግብ ከልምምዱ በኋላ። ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዝኑት፤ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ እስከ ሱሑር ድረስ አንድ ከሩብ እስከ አንድ ተኩል ሊትር እየከፋፈለ ይጠጣ። የሚቀነሰው የአምስት ለአምስቱ ሩጫ እንጂ የውርወራ ልምምዱ አይደለም። ልጁ ራሱን ካዞረው ወይም ላቡ ከቆመ ወዲያው ይውጣ፣ ሐኪም ይየው።

«ልጄ በሚጫወትበት ኮሌጅ አሰልጣኙ ሁለት ዓመት ከተሸነፈው ያሸነፈው ያንሳል። ወላጆች 'ይነሳ' እያሉ ነው። እኔ ግን ቡድኑ እየተሻሻለ ይመስለኛል። ዝም ብሎ ስሜት እንዳይሆንብኝ በምን ልለካው? ከሲያትል»

ትዕግሥትን የሚደግፍ ታሪክ ሞልቷል። ማይክ ሽሼፍስኪ በ1980 የዱክ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሲረከብ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 38 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። በ1983 ዓመቱን የዘጋው በቨርጂኒያ 109 ለ66 ተረትቶ ነበር፤ ይነሳ የሚሉ ደጋፊዎች በዙ። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ አላነሡትም። በቀጣዩ ዓመት ከ34 ጨዋታ 24ቱን አሸነፈ፣ በ1986 ለፍጻሜ ደረሰ፣ በ1991 የመጀመሪያውን ከአምስቱ ሻምፒዮናነቶች አገኘ። የኖርዝ ካሮላይናው ዲን ስሚዝ በ1965 ተማሪዎች አምሳሉን ሠርተው ሰቅለውት ነበር፤ ሻምፒዮን የሆነው በ1982 ነው። ውደን በዩሲኤልኤ የመጀመሪያውን ያገኘው በ16ኛ ዓመቱ ነው።

እነዚህን ታሪኮች ብቻ ይዘው ግን አይከራከሩ። ተሸንፈው እንደተሸነፉ የቀሩ አሰልጣኞች ከእነዚህ እጅግ ይበዛሉ፤ ስማቸውን ስላልሰማን ነው። የዱክ ኃላፊዎች ያዩት ነገር ነበር፦ በ1982 የገቡት ጎበዝ አዲስ ተማሪዎች በዚያ በመጨረሻው መጥፎ ዓመት ገና የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋቾች ነበሩ።

ለመለካት የጨዋታውን የውጤት ወረቀት ያግኙ፤ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው ያወጡታል። መጀመሪያ የማጥቃት ዙሮችን (ቡድኑ ኳስ ይዞ ያጠቃባቸውን ጊዜያት) ይቁጠሩ፦ ከውርወራ ሙከራዎች የማጥቃት ሪባውንድን ይቀንሱ፣ ሳይወረወር የባከነውን ኳስ ይደምሩ፣ የነፃ ውርወራ ሙከራን በ0.44 አባዝተው ይደምሩ። በኮሌጅ ጨዋታ 0.475 የሚጠቀሙም አሉ፤ ለሁለቱም ዓመት አንዱን እስከተጠቀሙ ድረስ ንጽጽሩ አይበላሽም።

በምሳሌ እንሥራው። ቡድኑ 60 ጊዜ ወርውሮ 24 አስገባ፣ ከእነዚህ 5ቱ ባለ ሦስት ናቸው። 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 18 የባከነ ኳስ፣ ከ20 ነፃ ውርወራ 12። ውጤቱ 65 ነጥብ ነው። ዙሮቹ 60 ሲቀነስ 10፣ ሲደመር 18፣ ሲደመር 8.8፣ ማለትም 76.8 ናቸው። በአንድ ዙር 0.85 ነጥብ ገደማ። ዲን ስሚዝ ገና በጥዋቱ ቡድኑን በዚህ ዓይነት መለኪያ ይመዝን ነበር፤ በፍጥነት የሚጫወት ቡድን ብዙ ነጥብ ስላገባ ብቻ ጎበዝ እንዳይመስል ያደርጋል።

አሁን የባከነውን ይዩ። 18 ለ76.8 ሲካፈል 23 በመቶ ይሆናል፤ ከአራት ዙር አንዱ ሊባል ጥቂት ቀርቶት ሳይወረወር ቀርቷል። ያልባከኑት 58.8 ዙሮች ለእያንዳንዳቸው 1.1 ነጥብ አስገኝተዋል። የባከነው ከ18 ወደ 12 ቢወርድ ስድስት ዙር ተረፈ፣ ይህም ስድስት ሰባት ነጥብ ነው። በስድስት ነጥብ እየተሸነፈ የከረመ ቡድን ካለ ችግሩ ያለው የት እንደሆነ ይህ ይነግርዎታል። ከዚህ ሌላ የውርወራ ጥራትን (ለባለ ሦስቱ ተጨማሪ ግማሽ ሰጥተው፣ እዚህ 26.5 ለ60፣ 44 በመቶ)፣ የሪባውንድ ድርሻንና ስንት ጊዜ ወደ ነፃ ውርወራ እንደሄዱ ያስሉ። ለተጋጣሚም እንደዚያው።

በአሰልጣኙ እጅ ቶሎ የሚስተካከለው የባከነ ኳስና የመከላከል ሪባውንድ ነው፤ ሁለቱም በልምምድ የሚመጡ ናቸው። የውርወራ ጥራት ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተጫዋች ምልመላ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካልተንቀሳቀሱ ወላጆቹ የሚሉት ነገር አለ ማለት ነው። ከተንቀሳቀሱና በመጀመሪያው ዓመት የገቡት ልጆች ሳይለቁ አብረው ከቀጠሉ የእርስዎ ስሜት መሠረት አለው። ከአሥር ጨዋታ ባነሰ አይፍረዱ። የተጋጣሚዎቹ አቅም ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ፣ በሁለቱም ዓመት የተጫወቷቸውን ቡድኖች ብቻ ለይተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ።